ዝናቡ የት ደርሷል?

ሰኔ ነው። ጠዋት ነው። የሚዛን ቤት ጣራ
በጠብታ ቋንቋ ከሐይቁ ጋር ሲያወራ፣
ኦቺ ሳን መዳፉን ከበሩ አሻግሮ
"ፉሪዮሩ" አለኝ፣ ጠብታ ቆጥሮ።
እየዘነበ ነው ማለቱ ነው።

ሲያባራ ወጣና፣ ጭቃውን ረግጦ፣
ጀልባው ውስጥ ያቆረውን ውኃ አጎንብሶ አይቶ
"ፉቶሩ" አለኝ ደግሞ፣ "ቶ"ን ጠበቅ አድርጎ።
ዘንቧል። ዝናቡ ሄዷል፣ እርጥበቱ ግን አለ።

ሁለቱን ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩና
የቶኪዮ መጽሐፌን ገለጥኩ እንደገና፤
አንድ ግስ ብቻ አለው። ለሚወርደው ውኃ፣
ወርዶ ላበቃውም፣
"ፉቴ ኢሩ" ይላል፤
ሁለት ሰው በፈረቃ እንደሚተኛበት የኪራይ አልጋ።

"ልኩ የቱ ነው?" አልኩት።
መረብ እየጠገነ፣ ክሩን በጥርሱ ነክሶ ሳቀ፦
"ፈተና ላይ የመጽሐፉን ጻፍ።
ጀልባ ላይ ግን የእኔን።
የኢማባሪ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ባሕር ላይ
እየመጣ ያለን ማዕበል ከመጣው ሳይለይ
በአንድ ቃል ቢጮህ ኖሮ
እኔ አልወለድም ነበር።"

ላላሞ ጀልባውን ዳር አስይዞ ቆሮሶ አራገፈ፤
አንዱ ጣውላው ላይ ጅራቱን እያጠፈ
አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።
"ሺኒዮሩ" አለ ኦቺ። እየሞተ ነው።
አባ ኮዳዎቹ መላጣቸውን አቀርቅረው፣
ውርስ እንደሚጠብቅ የሩቅ ዘመድ ተኮልኩለው፣
በሁለት ግስ መካከል ቆመው ነበር።
ጥቂት ቆየን።
"ሺንዶሩ።"
ሚዛን ላይ አወጣሁት። ሦስት መቶ ስልሳ ግራም።
መጽሐፌ "ሺንዴ ኢሩ" የሚለው ለሞተው ብቻ ነው፤
ለሚያጣጥረው ዓሣ ሌላ ግስ ይበደራል።

ያኔ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ።
ከቢቸና መጥቶ፣ ሐዋሳ፣ ዱቄት ፋብሪካ በር ላይ
በዘበኝነት ያረጀ፤
"በልቸ"፣ "ሂጀ"፣ "መጥቸ" የሚል ሰው።
እኔም አፌን የፈታሁት በእሱ ነበርና
አንደኛ ክፍል ሳለሁ እጄን አወጣሁና
"ቲቸር፣ ሽንት ቤት ሂጀ ልምጣ?"
ክፍሉ በሳቅ ሲናድ፣ ቲቸር ውድነሽ ጠመኔ አንስታ
"ሄጄ" ብላ ጻፈች፤
ባዶ እግሯን የነበረችውን "ጀ"
ቀለበት አሰረችላት።

ቀለበቱን ይዤ ቤት ገባሁ።
በዓመቱ፣ እንግዳ ፊት፣ "በልቸ" ብሎ ሲጀምር
"በልቼ ነው፣ አባዬ" አልኩት።
ዳግመኛ አላለም።
ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት
"በላሁ" ይላል። "መጣሁ" ይላል። አራት ነጥብ።
"በልቸ" እኮ በር ነበረች፤ ከኋላዋ
መንገድ አለ፣ የሞላ ወንዝ አለ፣ ጅብ አለ፣
አንዳንዴም የሰው ሚስት አለች።
"በላሁ" ግን በልቶ የጨረሰ ሰው ነው፤
እጁን ታጥቦ ዝም ይላል።

ፈተናውን የመጽሐፉን ጽፌ አለፍኩ።
ኦቺ ወረቀቱን አየ፣ "ጎሽ" አለ በአማርኛ፣
ወደ መረቡ ተመለሰ።

ዛሬ ማታ፣ ታቦር ሥር፣ ቤት ስደርስ
አባቴ መስኮቱ አጠገብ ጋቢውን ደርቦ
"አባራ?" አለ።
ጫማዬን በር ላይ እያራገፍኩ፦
"ሐይቅ ዳር ሂጀ፣ ዓሣ መዝኘ፣ ዝናቡ ይዞኝ ቆይቸ..."
ምላሴ ላይ ቃሉ እንደ ጠበበ ጫማ ቆየኝ፤
አቆምኩ።
ጣራው ላይ ፉሪዮሩ።
ቀና አለ። ብዙ አየኝ።
"እሽ" አለ፣ "ከዚያስ?"